ኮረሪማ የገባበት ቡልቫርዲዬ መድኃኒት መድኃኒት አለብኝ፤ የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት?

የአዌቱ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ትንሽ ሆቴል ባር ላይ ነው የምሠራው። ስምንት የባር ወንበር፣ አንድ የቡና ማሽን፣ ሲሞቀው የሚያቃስት አንድ ፍሪጅ። ደንበኞቼ ቢራ ይጠጣሉ። ውስኪ የሚያዝ ካለም "ደብል፣ በበረዶ" ብሎ ይገላግለኛል። ኮክቴል የሚባል ነገር እኛ ቤት ከጂን ቶኒክ አልፎ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ለሥራ የመጣ አንድ እንግዳ አራት ቀን አረፈ። በሁለተኛው ማታ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ጠርሙሶች በዓይኑ ሲቆጥር ቆየና "ካምፓሪ ካላችሁማ ቡልቫርዲዬ ሥሪልኝ" አለኝ። ስሙንም ሰምቼው አላውቅ። ራሱ አስረዳኝ፦ ኔግሮኒ ከሚባለው መራራ ኮክቴል ላይ ጂኑን ታወጪና ቡርቦን ውስኪ ትተኪበታለሽ፤ ካምፓሪው፣ ያ ቀይ መራራ የጣሊያን መጠጥ፣ እና ቀዩ ጣፋጭ ቬርሙት እንዳሉ ይቆያሉ። ሠራሁለት፣ ጠጣ፣ ደገመ። ሂሳብ ከፍሎ ሊሄድ ሲል ግን አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ "የኮረሪማ አገር ተቀምጣችሁ እዚህ ውስጥ አለመሞከራችሁ!"

ይኸው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ተበላሸብኝ።

የመጀመሪያውን እንዲህ ነው ያደረግኩት። ግማሽ ጠርሙስ ቡርቦን፣ 350 ሚሊ ገደማ፣ ውስጥ ስድስት ኮረሪማ ከነቅርፊቱ ወቅጬ ጨመርኩ። አራት ጥምዝ፣ የጣቴን ርዝመት የሚያህል ቀረፋ፣ አምስት ፍሬ ቅርንፉድ አከልኩበት። ክዳኑን ገጥሜ ዘጠኝ ቀን ዘፈዘፍኩት። ሽታው ልብ ያጠፋል፤ እናቴ ቡና ስታፈላ ቤቱ እንደሚሸተው። መልኩ ግን የቆየ ሻይ መሰለ። ከዚያ 30 ውስኪ፣ 30 ካምፓሪ፣ 30 ቬርሙት አድርጌ በበረዶ በጠበጥኩት።

ቀመስኩት። መጀመሪያ ምላሴ ደነዘዘ። ቀጥሎ ምሬቱ መጣ፣ ግን የካምፓሪው ደስ የሚለው ምሬት አይደለም፤ አፍ የሚይዝ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ምሬት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ። አለቃዬ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ "አያቴ ሆዴን ሲቆርጠኝ ይህን ነበር የምታጠጣኝ" አለና ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋው።

በሁለተኛው ቀኑን ወደ አራት ዝቅ አደረግኩ። ያው ነው። በሦስተኛው ማር ጨመርኩበት፤ ማሩ ላይ ላዩን፣ ምሬቱ ሥር ሥሩን ሄደ እንጂ አልተገናኙም። እሬት በማር ማለት ነው። በዚያ ላይ በረዶ ሲገባበት ደፈረሰ።

የጎደለው ውስኪ በስሜ ተጽፏል፤ አራተኛ ጊዜ መሳሳት አልችልም። የምታውቁ ንገሩኝ።

—

መንገደኛ፦

እህቴ፣ መራራ ካማረሽ ግራዋ ቀቅይ፣ እሱ በነፃ ነው 😄 ኮረሪማን ቡና ላይና ቅቤ ላይ ተይልን።

—

የሂርማታዋ፦

መንገደኛ ዝም በል፣ ልጅቷ ሥራዋን ነው የጠየቀችው።

እናቴ ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ቅመም ስትሸጥ ነው ያደግኩት፤ ስለ ውስኪ አላውቅም፤ አልጠጣምም። ስለ ኮረሪማ ግን ልናገር። ስድስቱን ከነቅርፊቱ ስትይ ደነገጥኩ። ቅርፊቱ እንጨት ነው። እኛ ቤት ቅርፊቱ ተፈልፍሎ ይጣላል ወይ ለጭስ ይሆናል፤ ውስጥ ያለችው ቡናማ ፍሬ ናት ቅመሟ። ያንን ቀይ ቆዳ ወቅጠሽ ዘጠኝ ቀን አልኮል ውስጥ ካስተኛሽው አፍ የሚይዘው ነገር ከዚያ ነው የመጣው።

ስትገዢ ደግሞ ጆሮሽ አጠገብ አድርገሽ ነቅነቅ አድርጊው። በደንብ የደረቀ ኮረሪማ ውስጡ ያንኳኳል። ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ወይ የተበሳ ከሆነ ሽታው ቀድሞሽ ሄዷል፤ ብዛት ጨምሬ አካክሰዋለሁ ብትዪ የሚጨምርልሽ እንጨቱን ብቻ ነው። ሐሙስ ገበያ ከገጠር የሚመጣው ይሻልሻል። የተፈጨውን እንዳትነኪው፤ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጯም አታውቅም።

ጥምዝ አራት? አራት ጥምዝ ለአንድ ቤተሰብ በርበሬ እንጂ ለግማሽ ጠርሙስ መጠጥ ነው? በርበሬም እንኳ ሲበዛበት ያቃጥላል።

—

ጡረተኛው ባርማን፦

ልጄ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴሎች ባር ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆሜያለሁ፤ አሁን ቆሜ የምጠብቀው የልጅ ልጄን የትምህርት ቤት ሰርቪስ ነው። ጥያቄሽን ሳነብ እጄን በላኝ።

የሂርማታዋ ያለችው ልክ ነው። እኔ ግን ከቅመሙ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቬርሙቱ መቼ ተከፈተ? የትስ ነው የምታስቀምጪው?

—

የአዌቱ ልጅ፦

ጋሼ እናመሰግናለን። ቬርሙቱ የተከፈተው… እንግዲህ ለመስቀል ሰሞን አንድ ግብዣ ነበረን፣ ያኔ ነው። የማስቀምጠው ከካምፓሪው ጎን፣ ከቡና ማሽኑ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ። ምነው?

—

ጡረተኛው ባርማን፦

ከመስቀል እስከ ግንቦት፣ በዚያ ላይ የቡና ማሽን እንፋሎት ላይ! ልጄ፣ እሱ ቬርሙት መሆኑን ከተወ ቆይቷል።

ሰዉ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ልዘርዝረው። ካምፓሪና ውስኪ ከፍተሽ መደርደሪያ ላይ ብታቆሚያቸው ግድ የላቸውም፤ አልኮላቸው ይጠብቃቸዋል፣ ካምፓሪው ላይ ስኳሩም ያግዘዋል። ቬርሙት ግን ወይን ነው። ቅጠላ ቅጠልና ጥቂት አልኮል ተጨምሮበት ከ15 እስከ 18 በመቶ የሚደርስ ወይን። ስሙ ራሱ ከጀርመንኛ የመጣ ነው፤ የእኛ አሪቲ ዘመድ የሆነች አንዲት መራራ ቅጠል ስም ነው። ወይን ተከፍቶ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ፦ ፍራፍሬነቱ ይሞታል፣ ኮምጣጣና ጠፍጣፋ ይሆናል። እዚህ መጠጥ ውስጥ ምሬቱንና ውስኪውን የሚያስታርቀው ደግሞ እሱ ነው። አስታራቂው ከሞተ ማር ብትጨምሪ ምን ዋጋ አለው? ማር ጣፋጭ ነው እንጂ አስታራቂ አይደለም።

አዲስ ጠርሙስ ክፈቺ፣ በዚያው ቀን ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፣ ፕላስተር ለጥፈሽ ቀኑን ጻፊበት። አንድ ወር፣ ቢበዛ ሁለት። ካልተሸጠ ትንሹን ጠርሙስ ግዙ። አለቃሽ ካጉረመረመ "ወተት ከመስቀል እስከ ግንቦት ታቆያለህ ወይ?" በዪልኝ።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። 30፣ 30፣ 30 ያልሽው የኔግሮኒ ልክ ነው። ኔግሮኒን ፍሎረንስ ውስጥ በፈረንጆቹ 1919 ካሚሎ ኔግሮኒ የሚባል ኮንት "አሜሪካኖዬን በሶዳ ፈንታ በጂን አድርጉልኝ" ብሎ አስጀመረው ይባላል፤ አሜሪካኖ ስልሽ ቡናውን ሳይሆን ካምፓሪ፣ ቬርሙትና ሶዳ ያለበትን መጠጥ ነው። ጂን ደረቅና ተናጋሪ ነው፤ እኩል ብታደርጊውም ድምፁ ይሰማል። ቡርቦን ግን ቢያንስ 51 በመቶው ከበቆሎ የሚሠራ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ያደረ፣ ለስላሳ ነገር ነው። ካምፓሪ እኩል ሲሆንበት ይዋጣል። ቡልቫርዲዬ በ1927 ፓሪስ ውስጥ ሃሪ ማክኤልሆን የሚባል የባር ባለቤት መጽሐፉ ላይ ሲያሰፍረው እሱም እኩል በእኩል ነበር፤ ስሙን ያገኘው እዚያው ከተማ በዚህ ስም መጽሔት ያሳትም ከነበረው አሜሪካዊ ከኧርስኪን ግዊን ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ነበርና ብዙ አሜሪካውያን ፓሪስ ላይ ነበር የሚጠጡት። ዛሬ ግን ባርማኖች የሚሠሩት 45 ውስኪ፣ 30 ካምፓሪ፣ 30 ቬርሙት ነው። ከዚህ ጀምሪ።

መለኪያ ከሌለሽ ፋርማሲ ሄደሽ ባለ 20 ሚሊ ስሪንጅ ግዢ፣ መርፌውን እዚያው ተዪላቸው። ሳቂ፤ ግን ከአረቄ መለኪያ የበለጠ እውነተኛ ነው።

ቅመሙን እንዲህ አድርጊ። 250 ሚሊ ቡርቦን በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ። የሁለት ኮረሪማ ፍሬ ብቻ፣ ቅርፊቱን ጥለሽ፣ ከካ አድርገሽ፤ ዱቄት እንዳይሆን። ዱቄት ከሆነ ማጥለሉም ፍዳ ነው፣ ምሬቱም ይቸኩላል። ቅርንፉድ በፍጹም። ምላስሽን ያደነዘዘው እሱ ነው፤ የጥርስ ሐኪም ቤት የሸተተሽም ያለ ምክንያት አይደለም፣ የቅርንፉድ ዘይት የጥርስ ሕመም ማደንዘዣ ነው። ቀረፋም አያስፈልግሽም፤ ካምፓሪውም ቬርሙቱም በቅመምና በቅጠል የተሞሉ ናቸው፣ አንቺ አንድ ድምፅ ብቻ ነው የምትጨምሪው።

ከዚያ ቀን አትቁጠሪ። ሰዓት ቁጠሪ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከዘፈዘፍሽ 9 ላይ በማንኪያ ጫፍ ቅመሺ፣ 10 ላይ ቅመሺ፣ 12 ላይ ቅመሺ። አልኮል ውሃ አይደለም፤ ሽታውን ቀድሞ ያወጣል፣ ምሬቱን ኋላ ይጎትታል። አፍንጫሽ "ኮረሪማ" ሲል ምላስሽ ግን ገና "ውስኪ" ሲል አጥልዪ። ጥምዝ ከፈለግሽ ግማሽ ፍሬ፣ ለመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ብቻ፤ ያ ጢስ ጢስ የሚለው ነገሩ ከበርሜሉ ጋር ይዋደዳል። መጀመሪያ በነጠላ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በቡና ማጥለያ ወረቀት።

በረዶው ትልቅና ደረቅ ይሁን፤ የሚንጠባጠበው ደቃቅ በረዶ መጠጡን ሳያቀዘቅዝ ያቀጥነዋል። በሼከር አትነቅንቂው። በረጅም ማንኪያ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ዝም ብለሽ አሽከርክሪው። መጨረሻ ላይ የብርቱካን ልጣጭ፣ ነጩ ሳይበዛበት፣ ከብርጭቆው በላይ ጭምቅ፤ ዘይቱ ብልጭ ብሎ ሲያርፍበት ታይዋለሽ።

—

ላብራቶሪ፦

ጋሼ ሁሉንም ጨርሰውታል፤ የመደፍረሱን ነገር ብቻ ልጨምር። ኡዞ ውሃ ሲነካው ወተት የሚመስለው ለምንድን ነው? የቅመም ዘይት 40 በመቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል፤ በረዶው ቀልጦ አልኮሉ ሲወርድና ሲቀዘቅዝ ግን መሟሟት ይከብደውና በጥቃቅን ጠብታ ተመልሶ ይወጣል። ዘጠኝ ቀን የተዘፈዘፈው ውስኪሽ በዘይት ጠግቦ ነበር ማለት ነው፤ ዱቄቱም ከነጭቃው አለበት። በጥቂት ሰዓት የተጠለለው እንዲህ አያደርግሽም። ቢደፈርስም መልኩ እንጂ ሌላ ችግር የለበትም።

ሌላው፣ ለደንበኛ ስታቀርቢ ይህን አስቢ። 45 ሚሊ የ40 በመቶ፣ 30 የ25፣ 30 የ16 ብትደምሪው 30 ሚሊ ገደማ ንጹሕ አልኮል ነው። ሁለት ጠርሙስ ቢራ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ በአራት ጉንጭ ያልቃል። መኪና ይዞ ለመጣ ሰው ሁለተኛውን አትቅጂለት።

—

ማኪያቶ ብቻ፦

ለማንጠጣውስ? ጅማ ነን እኮ፣ ግማሹ ጠረጴዛ አይጠጣም። እኔ ወንድሜ ሰርግ ላይ የሠሩልን ነገር ነበር፦ በረዶ፣ ቶኒክ፣ ላዩ ላይ የቀዘቀዘ ጠንካራ የጅማ ቡና ቀስ ተደርጎ፣ የብርቱካን ልጣጭ። ቶኒኩ ራሱ መራራ ነው፣ ኩዊኒን የሚባል መራራ ነገር አለበት። ኮረሪማዋን ስኳር ውስጥ አፍልተሽ አንድ ማንኪያ ብትጨምሪበት እኔ ራሴ መጥቼ እጠጣለሁ።

—

መንገደኛ፦

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ካምፓሪው ሲያልቅ ምን ልታደርጉ ነው? ኮሶ?

—

ጡረተኛው ባርማን፦

ኮሶ የኮሶ ትል መድኃኒት ነው፣ ባር ላይ አይቀልዱበትም፤ ሰው ትጎጂያለሽ ልጄ፣ እንዳትሰሚው። ካምፓሪ ሲያልቅ ካምፓሪ ይገዛል። ጌሾ በአልኮል ዘፍዝፈው ምሬት የሚያወጡ ወጣቶች አይቻለሁ፤ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ቀዩን መልክና የብርቱካን ልጣጩን ጣዕም ግን አይሰጥሽም። ሌላ መጠጥ ይሆናል፤ ሌላ ስም አውጡለት።

ደግሞ ረስቼው፦ ያንን የተበላሸውን ዘጠኝ ቀን ያደረ ውስኪ ደፋሽው እንዴ?

—

የአዌቱ ልጅ፦

አልደፋሁትም ጋሼ፣ ስሜ ላይ ተጽፎ እንዴት ልድፋው። 200 ሚሊ ያህል ቀርቷል።

—

ጡረተኛው ባርማን፦

እሰይ! በወረቀት ደግመሽ አጥልዪውና የጠብታ ጠርሙስ ውስጥ አድርጊው። ለመጠጥ የበዛ ነገር ለጠብታ ልክ ነው። ባር ላይ ቢተርስ የሚባሉት እኮ እንዲሁ ነው የሚሠሩት፤ አልኮል ውስጥ አለቅጥ የተዘፈዘፈ ሥርና ቅመም። አዲሱን ስትሠሪ ኮረሪማው ሳሳ ካለብሽ ሁለት ጠብታ፣ ሦስት ጠብታ። ከዚያ በላይ የለም።

—

የአዌቱ ልጅ፦

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ወርጄ ኮረሪማ እያነሳሁ ጆሮዬ ላይ ስነቀንቅ ማዘሯ "ስልክ መሰለሽ እንዴ?" አለችኝ። አራት የሚያንኳኩ መርጬ ገዛሁ። ሁለቱን ተጠቀምኩ። ስፈለፍላቸው ውስጣቸው ገና ያጣብቅ ነበር፤ ጣቴ እስከ ማታ ሸተተኝ፣ ቢራ ስቀዳ ሁሉ።

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዘፈዘፍኩ። 9 ሰዓት ላይ ምንም። 10 ሰዓት ላይ ሽታው መጣ፣ ምላስ ላይ ግን ገና ነው። ከ10 እስከ 11 ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ሁሉም የሆነው፤ ሰው ሲያወራኝ ረስቼው ቢሆን ኖሮ ያልፈኝ ነበር። 11 ላይ ግማሿን ጥምዝ አስገባሁ፣ ተኩል ላይ አጠለልኩ። መልኩ እንደነበረ ነው፣ ውስኪውን ሰው የነካው እንኳ አይመስልም።

ቬርሙቱን በተመለከተ፣ አሮጌውንና አዲሱን በሁለት ብርጭቆ አድርጌ ለአለቃዬ ዝም ብዬ አቀረብኩለት። አሮጌውን ቀመሰና "ይሄ የምኑ ኮምጣጤ ነው?" አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ፍሪጁ አልተከራከርንም። አዲሱ ከወተቱ ጎን ቆሟል፣ ግንባሩ ላይ ፕላስተር አለው።

በስሪንጅ 45፣ 30፣ 30። ፋርማሲው ውስጥ "ለስንት ዓመት ሕፃን ነው?" ብለውኝ ነበር። የበረዶው ነገር ትንሽ አስቸገረኝ፤ የእኛ የበረዶ ማውጫ ደቃቅ ነው የሚያወጣው። የቅቤ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ፈልቶ የበረደ ውሃ አስተኝቼ በቢላ ጀርባ ሰበርኩት፤ ቆንጆ ሆነ። ዕቃውን ግን ሦስቴ እጠቡት፤ የመጀመሪያው በረዶ ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ ይል ነበር።

አሁን ጣዕሙ እንዲህ ነው፦ አፍ ላይ ሲደርስ ብርቱካን፣ ከዚያ ካምፓሪው፣ ምሬቱ ሊሄድ ሲል ኮረሪማዋ ከኋላ ብቅ ትላለች፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ ሲኒው ላይ እንደምትቀረው ሽታ። ጥምዟ ጉሮሮ ላይ ትንሽ ትሞቃለች። አልደፈረሰም። ከአሮጌው ጠርሙስ ሁለት ጠብታ አከልኩ፤ በሦስተኛው ያ የጥርስ ሐኪም ተመልሶ መጣ፣ ስለዚህ ሁለት ነው።

ማኪያቶ ብቻ፣ ያንተንም ሠርቻለሁ፣ ቡናው ቶኒኩ ላይ ሲፈስ እንዳይገነፍል ብርጭቆውን አዘንብሎ ነው የሚቀዳው። የሂርማታዋ፣ አንቺም ነይና እሱን ጠጪ።

አለቃዬ የመጀመሪያውን ቡልቫርዲዬ ጨርሶ ምንም አልተናገረም፤ መዝገቡን አወጣና የጎደለውን ውስኪ ከስሜ ላይ ሰረዘልኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የጠብታዋን ጠርሙስ ፈልጌ አጣኋት። ለካ እሱ ጋ ናት፤ ትናንት ምሳ ላይ ክትፎ በልቶ ሆዱን ነፍቶታል።